በውሃው ውስጥ ማን አለ? ከመርከብ ላይ ሆኖ በብርሃን መለየት

በግሪንላንድና በስቫልባርድ ደሴቶች መካከል ፍራም የሚባል ሰፊ የባሕር ሰርጥ አለ። በምሥራቅ ጎኑ ሞቅ ያለ የአትላንቲክ ውሃ ወደ ሰሜን ይገባል። በምዕራብ ጎኑ ደግሞ በረዶ የተሸከመ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ደቡብ ይወጣል። ፖላርስተርን የምትባለው የጀርመን በረዶ ሰባሪ የምርምር መርከብ እዚያ ብዙ በጋ አሳልፋለች።

መርከቧ ስትጓዝ ከሆዷ በኩል የባሕር ውሃ ያለማቋረጥ በቧንቧ ይሳባል። ውሃው በላቦራቶሪው ውስጥ ያልፋል። አንድ መሣሪያ ብርሃን ይለቅበትና ምን ያህሉ እንደተረፈ ይለካል። ከዚያ ውሃው ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ኬሚካል አይጨመርበትም፤ ማይክሮስኮፕ ሥር አይገባም። ተመራማሪዎቹ ግን ከዚህ ልኬት ተነስተው በውሃው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ፍጥረታት ምን ያህል እንደሆኑ ይገምታሉ። ከዚያም አልፈው እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ይሞክራሉ።

እኔ እዚህ ጅማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ቲቸር፣ እኛ ባሕር የለን፣ በረዶ የለን፤ ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ራሱን እንየው። ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚሠራው ሥራ መሠረቱ እዚሁ ላቦራቶሪያችን ጠረጴዛ ላይ ካለው ስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙና በየሞገድ ርዝመቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ ከሚለካው መሣሪያ) ጋር አንድ ነው።

ስንት እንዳለ ማወቅ ለምን አይበቃም?

ፋይቶፕላንክተን በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ አንድ በአንድ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። በምድር ላይ በፎቶሲንተሲስ ከሚሠራው ሁሉ ግማሽ ያህሉ የእነሱ ነው። ቀሪው ግማሽ የደኑ፣ የሣሩ፣ የእርሻው፣ የጅማ ቡናና የጥላ ዛፉ ሁሉ ተደምሮ ነው።

ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ዳያተም የሚባሉት ከሲሊካ የተሠራ ጠንካራ ቅርፊት አላቸው። ከባድ ስለሆኑ ሲሞቱ ቶሎ ይሰምጣሉ። ከአየር የመጣውን ካርቦንም ይዘው ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። በሰሜን ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት፣ በደቡብ ዋልታ ደግሞ ክሪል የሚባል ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳ እነሱን እየበላ ይኖራል። ክሪልን ፔንጉዊኑም ዓሣ ነባሪውም ይበላዋል።

ፌዮሲስቲስ የሚባለው ሌላ ነው። ህዋሶቹ በሚያዳልጥ ሙጫ ተያይዘው እንደ ትንሽ ኳስ ይሆናሉ። ለብዙ በላተኞች እንደ ዳያተም አይመችም። በብዛት ሲራባ ደግሞ የሰልፈር ጋዝ ወደ አየር እንዲወጣ ያደርጋል። ያ ጋዝ የደመና ጠብታ የሚሠራባቸውን ብናኞች ለመፍጠር ያግዛል። በአንታርክቲክ ባሕረ ገብ መሬት ምዕራባዊ ዳርቻ በረዶ ቀልጦ የውሃው ጨው ሲቀንስ የሚበዙት ክሪፕቶፋይት የሚባሉ ትናንሾች ናቸው። ክሪል እንዲህ ያለ ትንሽ ህዋስ ማጥመድ ይከብደዋል።

አሁን ሁለት ቦታ ውሃ ቀዳን እንበል። የሁለቱም ክሎሮፊል እኩል ነው። አንዱ ዳያተም፣ ሌላው ፌዮሲስቲስ ነው። ቁጥሩ እኩል ይሁን እንጂ አንዱ ውሃ ክሪልና ዓሣ ይመግባል፤ ሌላው ያን ያህል አይመግብም። አንዱ ካርቦን ይቀብራል፤ ሌላው እንደዚያ አያደርግም። በፍራም ሰርጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ያልተለመደ ሞቅ ያለ ውሃ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በበጋ የፌዮሲስቲስ ድርሻ እየጨመረ መምጣቱ ተመዝግቧል። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት እየሞቀ ነው። ስለዚህ በዚያ ባሕር ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው ጥያቄ እኔ በበኩሌ ስንት አለ ከሚለው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቀለማቸው ያጋልጣቸዋል

ሁሉም ክሎሮፊል ኤ አላቸው። የሚለያዩት በተጨማሪ ቀለሞቻቸው ነው። ዳያተም ፉኮዛንቲን የሚባል ቡናማ የሚያደርግ ቀለም በብዛት አለው። ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ሌላ ቡድን ፔሪዲኒን አለው። ክሪፕቶፋይት አሎዛንቲን፣ አረንጓዴ አልጌ ደግሞ ክሎሮፊል ቢ አለው። ፌዮሲስቲስ የፉኮዛንቲንን ቅርብ ዘመዶች ይይዛል።

እያንዳንዱ ቀለም የሚወደው ብርሃን አለው። ብርሃንን የምንለካው በሞገድ ርዝመት፣ በናኖሜትር ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ክሎሮፊል ኤ ሰማያዊውን 435 አካባቢ፣ ቀዩን 675 አካባቢ ይውጣል። መካከል ላይ ያለውን አረንጓዴ ብዙም አይነካውም። ክሎሮፊል ሲ 638 አካባቢ ጉብታ አለው። ካሮቴኖይድ ከሚባሉት ቢጫና ብርቱካናማ ቀለሞች ከኃይለኛ ፀሐይ የሚከላከሉት 490 አካባቢ ይውጣሉ። ለፎቶሲንተሲስ የሚያገለግሉት፣ ፉኮዛንቲንን ጨምሮ፣ ወደ 520 ይጠጋሉ።

እነዚህን ቀለሞች በትክክል ለመለካት የታመነው መንገድ ኤችፒኤልሲ የሚባለው ነው። ውሃው በቀጭን የመስታወት ክር ማጣሪያ ይጣራል። ማጣሪያው ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛል። ከዚያ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሆነ ፍሪጅ ተቀምጦ አገር ቤት ይገባል። እዚያ ቀለሞቹ ከማጣሪያው ወጥተው አንድ በአንድ ይለያያሉ። ውጤቱ አስተማማኝ ነው። ግን ውድ ነው፤ ይዘገያል። ትልቁ ችግር ደግሞ ናሙናው አልፎ አልፎ መሆኑ ነው።

ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት። መርከብ በ10 ኖት ስትሄድ በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። በየሦስት ሰዓቱ ናሙና ከተወሰደ በሁለት ናሙና መካከል 55 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የበረዶው ጠርዝ፣ የሞቀውና የቀዘቀዘው ውሃ የሚገናኙበት ድንበር፣ ፋይቶፕላንክተን የፈነዳበት፣ ማለትም በድንገት የበዛበት፣ ቦታ ሁሉ በዚያ ክፍተት ውስጥ ሊያመልጥ ይችላል። ብርሃን የሚለካው መሣሪያ ግን የውጤቱን የየደቂቃ አማካይ ብቻ ቢያስቀምጥ እንኳ በየ300 ሜትሩ አንድ ልኬት ይሰጣል። የሦስት ሰዓቱ ባዶ መንገድ በ180 ነጥቦች ይሞላል ማለት ነው።

ሁለቱ ቱቦዎች

መሣሪያው ኤሲ-ኤስ ይባላል። በውስጡ ሁለት ቱቦዎች አሉ። ርዝመታቸው ብዙ ጊዜ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ውሃው በሁለቱም ውስጥ ይፈሳል፤ ብርሃንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፍባቸዋል። ከ400 እስከ 730 ናኖሜትር ገደማ፣ ከ80 በሚበልጡ የሞገድ ርዝመቶች፣ በሰከንድ አራት ጊዜ ይለካል።

ለምን ሁለት? በውሃ ውስጥ ያለ ቅንጣት ብርሃን ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ይውጠዋል፣ ወይ አቅጣጫውን አስቶ ይበትነዋል። እኛ ለቀለሙ የምንፈልገው የተዋጠውን ነው። አንደኛው ቱቦ ግድግዳው ብርሃን አንጸባራቂ ነው። የተበተነውን አብዛኛውን መልሶ ወደ መለኪያው ይልከዋል። ስለዚህ ጎድሎ የሚታየው በአመዛኙ የተዋጠው ነው። ሁለተኛው ቱቦ ግድግዳው ጥቁር ነው። የተበተነው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሚታየው ጉድለት የተዋጠውና የተበተነው ድምር ነው። ሁለቱን ስናቀናንስ የተበተነው ለብቻው ይወጣል። እሱም ስለ ቅንጣቶቹ ብዛትና መጠን የራሱን መረጃ ይሰጣል።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ ወደሚያስደስተኝ ክፍል ደረስን።

ውሃ ራሱ ብርሃን ይውጣል፤ በተለይ ቀዩን። በውሃው ውስጥ የሟሙ ነገሮችም ይውጣሉ። ይህ በአርክቲክ ቀላል ነገር አይደለም። የአርክቲክ ውቅያኖስ ከዓለም የባሕር ውሃ 1 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ከዓለም የወንዝ ውሃ 10 በመቶ ያህሉን ይቀበላል። ሌና፣ ኦብ፣ የኒሴይና ማኬንዚ የተባሉት ታላላቅ ወንዞች የበሰበሰ የዕፀዋት ቅሪት ሟሙቶባቸው ቢጫ ቡናማ ሆነው ይገባሉ። ይህ የሟሟ ቀለም ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ክሎሮፊልም የሚወደው እሱኑ ነው። በዚህ ላይ የመሣሪያው መስታወት ቀስ በቀስ ይቆሽሻል፤ መብራቱም በጊዜ ብዛት ይለዋወጣል። ታዲያ የፋይቶፕላንክተኑን ድርሻ እንዴት ለብቻው እናውጣው?

መልሱ አንድ ማጣሪያና አንድ ቫልቭ ነው። በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ቫልቩ ይዞርና ውሃው 0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ በኩል ያልፋል። ቅንጣቶቹ እዚያ ይቀራሉ። የሟሟው ነገር ያልፋል፤ ውሃውም ያልፋል። ከዚያ መሣሪያው ይህን የተጣራ ውሃ ይለካል። ካልተጣራው ላይ የተጣራውን ስንቀንስ ውሃው ይጠፋል፣ የወንዙ ቀለም ይጠፋል፣ የመስታወቱ ቆሻሻም ይጠፋል። ሁለቱም ላይ እኩል ስለነበሩ ነው። የሚተርፈው ቅንጣቶቹ የዋጡት ብርሃን ብቻ ነው። መሣሪያው ፍጹም ንጹህ ባይሆንም ልዩነቱ ይታመናል። በሥራዬ ብዙ የልኬት ዘዴ አይቻለሁ፤ እንዲህ ቀላልና እንዲህ ብልህ የሆነ ግን ጥቂት ነው።

ቀዩ ጉብታ

ከቀሪው ውስጥ ቀድሞ የሚወጣው ክሎሮፊል ኤ ነው። ቀዩ ብርሃን ላይ፣ 676 ናኖሜትር አካባቢ፣ ጉብ ያለ ቦታ ይታያል። በዚያ አካባቢ ክሎሮፊል ኤን የሚያህል ዋጭ የለም። የሞተና የተበጣጠሰ ቅንጣት ቢኖር እንኳ መስመሩ ለስለስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ጉብታ አይሠራም። ስለዚህ ከ650 እስከ 715 ቀጥ ያለ መስመር እናሰምራለን። ጉብታው ከዚያ መስመር በላይ ምን ያህል ከፍ እንዳለ እንለካለን። ያ ቁመት በክሎሮፊሉ መጠን ልክ ይጨምራል።

«ፍሎረሰንስ መለካት አይቀልም?» የሚል ይኖራል። ክሎሮፊል ብርሃን ሲያገኝ ጥቂቱን መልሶ በቀይ ያበራዋል፤ እሱን የሚለካ ርካሽ መሣሪያም አለ። ችግሩ ፀሐይ ሲበረታ ህዋሱ ራሱን ለመከላከል ትርፉን ብርሃን ወደ ሙቀት መለወጡ ነው። ያኔ ፍሎረሰንሱ ይወርዳል። ክሎሮፊሉ እዚያው አለ፤ መሣሪያው ግን ቀነሰ ይላል። በዋልታ በጋ ፀሐይ ሌሊትም አትጠልቅም። ስለዚህ በፍሎረሰንስ ብቻ መተማመን አደገኛ ነው። የተዋጠው ብርሃን በዚህ መንገድ አያታልልም።

ድምሩን መበተን

ከክሎሮፊል ኤ ወደ ሌሎቹ ቀለሞች ስንሄድ ነገሩ ይከብዳል። ጉብታዎቻቸው ይደራረባሉ። መሣሪያው የሚያሳየን ድምሩን ነው እንጂ እያንዳንዱን አይደለም።

እንዲህ አስቡት። ጎረቤታችሁ ከገበያ ዘንቢል ሞልታ መጣች። ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ሽንኩርት ኪሎው 60 ብር፣ ቲማቲም 40 ብር ነበር። በጠቅላላ 260 ብር ከፈለች። ከዚህ ብቻ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደገዛች ማወቅ አይቻልም። ዘንቢሉ 5 ኪሎ ይመዝናል ከተባላችሁ ግን ወዲያው ታገኙታላችሁ፤ 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ 2 ኪሎ ቲማቲም። ሁለት የማይታወቅ ነገር ካለ ሁለት የተለያየ ድምር ያስፈልጋል።

የባሕሩም ስሌት ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቀለም በእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ምን ያህል እንደሚውጥ ከላቦራቶሪ ይታወቃል። የማይታወቀው መጠኑ ነው። መሣሪያው ከ80 በላይ ድምሮች ይሰጠናል፤ ስለዚህ እኩልታው ከበቂ በላይ አለን። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከልኬቱ ጋር በጣም የሚቀራረበውን የመጠን ቅንብር ይፈልጋል። አንዱ መንገድ ይህ ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ አጠቃላዩን መስመር ደርዘን ወደሚሆኑ ጉብታዎች መሰንጠቅ ነው። ከዚያ የእያንዳንዱ ጉብታ ቁመት ከሚወክለው ቀለም ጋር ይያያዛል።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ሁለት ቀለሞች በጣም ከተመሳሰሉ ትንሽ የመሣሪያ ስህተት ስሌቱን ያናጋዋል። አንዱን ቀለም ያለልክ ከፍ አድርጎ ሌላውን ከዜሮ በታች ሊያወርደው ይችላል። ከዜሮ በታች የሆነ ቀለም ደግሞ የለም። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ «መልሱ ከዜሮ እንዳይወርድ» የሚል ገደብ ይሰጠዋል። ይህ ትንሽ ገደብ ውጤቱን በጣም ያረጋጋዋል። ቢሆንም ፉኮዛንቲንንና ቅርብ ዘመዶቹን በብርሃን ብቻ ጥርት አድርጎ መለየት ከባድ ነው። ክሎሮፊል ኤ በደንብ ይገመታል፤ ክሎሮፊል ሲና ካሮቴኖይዶቹ በቡድን ደህና ይወጣሉ። በጥቂቱ የሚገኙት ቀለሞች ላይ ግን ግምቱ ይሳሳል።

ዋልታው ለምን ይለያል?

በሞቃት ባሕር የተሠራ ቀመር ወደ ዋልታ ተወስዶ እንዳለ ቢሠራበት ይስታል። ዋናው ምክንያት ህዋሱ ራሱ ነው። ብርሃን ሲያንስ ፋይቶፕላንክተን ቀለሙን ያበዛል። በረዶ ሥር፣ ደመና ሥር፣ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ቦታ የሚኖር ህዋስ በውስጡ ብዙ ቀለም ያጭቃል። በተለይ ህዋሱ ትልቅ ከሆነ ውጭ በኩል ያለው ቀለም ውስጥ ላለው ጥላ ይሆንበታል። ስለዚህ ያው መጠን ያለው ቀለም በትልቅ ህዋስ ውስጥ ሲታጨቅ የሚውጠው ብርሃን ይቀንሳል። ጉብታውም ጠፍጠፍ ይላል። ይህን ካላረምን ዳያተም የበዛበትን ውሃ አሳንሰን እንገምታለን።

ለዚህ ነው ኤችፒኤልሲ ጡረታ የማይወጣው። «ብርሃኑ ካለ ማጣሪያውና ፍሪጁ ምን ያደርጋል» የሚል አስተያየት እሰማለሁ፤ አልስማማበትም። አልፎ አልፎ የሚወሰዱት ናሙናዎች ለብርሃኑ ልኬት ማስተካከያ ናቸው። በየባሕሩ፣ በየወቅቱ ቀመሩ ከእነሱ ጋር መመዛዘን አለበት። ብርሃኑ በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ያለውን ይሞላል።

ሌሎቹ ችግሮች የመርከብ ኑሮ ናቸው። መርከቧ በረዶ ስትሰብር ውሃው አረፋ ይሞላል። አረፋ ብርሃን ስለሚበትን ውሃው ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት አረፋውን የሚያስወጣ ዕቃ ውስጥ ይሽከረከራል። ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ላይ ሊረጋ የደረሰ ውሃ በቧንቧው ውስጥ ይሞቃል። የውሃ ብርሃን አዋዋጥ ደግሞ፣ በተለይ ከቀዩ ማዶ፣ በሙቀት ይለወጣል። እሱም በስሌት ይስተካከላል።

ሳተላይትስ? እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የባሕር ቀለም ከሕዋ ይለካል። በየካቲት 2024 የመጠቀው የናሳ ፔስ ሳተላይት ቀለማቱን በየ5 ናኖሜትሩ ለይቶ ያያል። ታላቅ እርምጃ ነው። ግን ዋልታ ላይ ደመናው ብዙ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ያለች ናት፤ ክረምቱ ጨለማ ነው። የበረዶው ነጸብራቅም አጠገቡ ያለውን ውሃ ያበላሸዋል። በ2011 በቹክቺ ባሕር ከበረዶው ሥር ግዙፍ የፋይቶፕላንክተን ፍንዳታ ሲገኝ ሳተላይት ሊያየው የሚችል አልነበረም፤ መርከብ በረዶውን ሰብራ ገብታ ነው ያገኘችው። ሰማይ ሲጠራም ቢሆን የተለመደው የሳተላይት ቀመር በወንዝ ቀለም በተሞላው አርክቲክ ክሎሮፊሉን ያጋንናል። በደቡብ ውቅያኖስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሳንሰዋል። ይህን ለማረም ብዙ፣ ተከታታይ፣ ከውሃው ውስጥ የተወሰደ ልኬት ያስፈልጋል። ታራ የተባለችው የፈረንሳይ የምርምር ጀልባ በ2013 አርክቲክን ስትዞር ኤሲ-ኤስ ጭና የነበረውም በከንቱ አይደለም።

ከቀለም ወደ ነዋሪ

ቀለሞቹ ታወቁ እንበል። አሁን ወደ ዘሩ እንለፍ። በ1996 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ኬምታክስ የሚባል ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ ቡድን ቀለሞቹ ከክሎሮፊል ኤ ጋር ያላቸውን ምጣኔ ይይዛል። ከዚያ ጠቅላላው ክሎሮፊል ለየቡድኑ ስንት ስንት እንደሚደርሰው ያከፋፍላል።

ችግሩ ምጣኔው ቋሚ አለመሆኑ ነው። ብርሃን ሲለወጥ ይለወጣል፤ ብረት ሲያንስም ይለወጣል። በደቡብ ውቅያኖስ ብረት ብርቅ ነው፤ እዚያ ያለው ፌዮሲስቲስ ብረት ሲያጣ የቀለሞቹን ድርሻ ይቀያይራል። የሰሜኑ ዘመዱ ደግሞ ፉኮዛንቲኑ ስለሚበዛ በቀላሉ ዳያተም ይመስላል። ስለዚህ ክሎሮፊል ሲ3 የሚባል ሌላ ምልክት ይፈለግለታል። በዚህ ምክንያት «እዚህ ቦታ 62 በመቶ ዳያተም ነው» የሚል በጣም የተቆረጠ ቁጥር ከብርሃን ብቻ ሲመጣ በጥንቃቄ ነው የማየው። «ከትናንት ወዲያ ካለፍንበት ውሃ ይልቅ እዚህ የዳያተም ድርሻ ጨምሯል» የሚለውን ግን አምነዋለሁ። ዘዴው የሚያበራው ለውጥን፣ ድንበርንና አቅጣጫን ሲያሳይ ነው።

ለጅማስ?

የተማሪዬ ጥያቄ ላይ ደረስን። አወቱ ወንዝ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይሄዳል፤ ውሃውም መጨረሻው ጊቤ ነው። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከጅማ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በ2004 ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ አለ። ወደ ሐይቁ ከእርሻ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ ይገባል። ማዳበሪያ የገባበት፣ የቆመና የሞቀ ውሃ ደግሞ ሳያኖባክቴሪያ (እንደ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች) ይበዙበታል። ኮካ ሐይቅ ላይ መርዝ የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሳያኖባክቴሪያ ምን እንደሚመስል የአገሪቱ ተመራማሪዎች ያውቁታል። በሌላ በኩል የስምጥ ሸለቆው ጪቱ ሐይቅ በአርትሮስፓይራ አረንጓዴ ነው፤ ፍላሚንጎ የሚመገበው እሱን ነው። ሁለቱም ውሃ አረንጓዴ ነው። አንዱ ይገድላል፤ አንዱ ይመግባል።

ብርሃን እነዚህን ሁለቱን ይለያቸዋል? አይለያቸውም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ሁለቱም ሳያኖባክቴሪያ ናቸው፤ ሁለቱም ፋይኮሳያኒን የሚባል፣ 620 ናኖሜትር አካባቢ የሚውጥ ሰማያዊ ቀለም አላቸው። ብርሃኑ «ሳያኖባክቴሪያ በዝቷል» ብሎ ቀድሞ ያስጠነቅቃል። የትኛው እንደሆነ ማይክሮስኮፕ፣ መርዝ አለ ወይ የሚለውን ደግሞ ሌላ ምርመራ ይመልሳል። ማስጠንቀቂያው ብቻውን ግን ብዙ ዋጋ አለው። ውሃውን ሰውም ከብትም ይጠጣዋል።

ኤሲ-ኤስ ውድ ነው። ከክረምት ዝናብ በኋላ በሚመጣው ቡናማ ውሃም ቱቦው ይጨነቃል፤ ደለሉ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ራሱም ይውጣል። ለእኛ የሚቀርበው ቀላሉ መንገድ የማጣሪያ ወረቀቱ ነው። የታወቀ መጠን ያለው ውሃ በመስታወት ክር ማጣሪያ ይጣራል። ማጣሪያው እንዳለ ስፔክትሮፎቶሜትር ውስጥ ይገባና ከ400 እስከ 750 ይለካል። በንጹህ ውሃ የረጠበ ባዶ ማጣሪያ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ማጣሪያው ራሱ ብርሃን እየበተነ መንገዱን ስለሚያረዝመው የተዋጠው ከእውነተኛው በላይ ይመስላል፤ ለዚህ የታወቀ ማስተካከያ አለ፣ አትዝለሉት።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የደለሉን ድርሻ ከአልጌው ለመለየት ቀለሙን ከማጣሪያው አስወግዶ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ባሕር ላይ የሚሠሩት ለዚህ ብዙ ጊዜ ሜታኖል ይጠቀማሉ። ዋልታ ላይ ሳያኖባክቴሪያ እምብዛም ስለሌለ ይሠራላቸዋል። ሜታኖል ክሎሮፊልንና ካሮቴኖይድን ያወጣል፤ ፋይኮሳያኒንን ግን አያወጣም፤ እሱ የሚሟሟው በውሃ ነው። የጊቤን ውሃ በሜታኖል ብቻ ብትሠሩት ፋይኮሳያኒኑ ማጣሪያው ላይ ይቀርና ከደለሉ ጋር ይቆጠራል። በጣም የምትፈልጉት ምልክት በገዛ እጃችሁ ይጠፋል። መፍትሔው ቀለሙን በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ማንጣት ነው፤ በረኪና ውስጥ ያለው ማለት ነው። ጥቂት የቀጠነ ጠብታ ማጣሪያው ላይ አድርጋችሁ ቀለሙ እስኪነጣ ጠብቁ፤ በንጹህ ውሃ አለቅልቃችሁ እንደገና ለኩ። ከመጀመሪያው ልኬት ሁለተኛውን ቀንሱ። ከሚቀረው ላይ የክሎሮፊሉን ድርሻ ስታወጡ 620 ላይ ጉብ ብሎ የሚታየው የሳያኖባክቴሪያው ነው።